በጋሽ ሙሉነህ ላይ የመሰከረ ስክሪን

ሰኞ፣ ኅዳር 1

የሶፍትዌሩ ጭነት ለሦስተኛ ጊዜ ተቋረጠ። ሰማንያ በመቶ ይደርስና «ፋይሉ አልተገኘም» ብሎ ቀጥ ይላል። ኢንተርኔቱ የለም፤ ያለኝ ከአዲስ አበባ በፍላሽ ያመጣሁት ቅጂ ብቻ ነው። በአራተኛው ገባ። ብቻዬን አጨበጨብሁ። ጥበቃው በመስኮት አየኝና አንገቱን ነቅንቆ አለፈ።

የወተት ፋብሪካው ማሽኖች ሁሉም የየራሳቸውን መረጃ ይዘው ተኮራርፈው የተቀመጡ ናቸው። የኔ ሥራ ሁሉንም ወደ አንድ ኮምፒውተር ማምጣትና ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ፍሬሕይወት ቢሯቸው ቁጭ ብለው እንዲያዩት ማድረግ ነው። የሁለት ሳምንት ሙከራ ሰጥተውኛል። ካማረ ይቀጥላል፤ ካላማረ እኔም ሶፍትዌሬም ወደ ዓባይ ማዶ፣ ወደ አዲስ አበባ ቤታችን። በራሴ ስም የያዝሁት የመጀመሪያ ሥራ ስለሆነ ፈርቻለሁ።

የቀረ፦ ወተቱን የሚያሞቀውን ፓስቸራይዘር ማገናኘት። ማቀዝቀዣ ጋኑን ማገናኘት። አይጥ የበላችውን ገመድ መቀየር። ምሳ መብላት (ረሳሁ)።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ፓስቸራይዘሩ በአሥር ደቂቃ እሺ አለ። ጋኑ ግን አስለቀሰኝ። መቆጣጠሪያው አሮጌ ነው፣ ባትሪውም ሞቷል። አዲስ ባትሪ ከተትሁለት፤ ቀንና ሰዓት ጠየቀኝ፤ እየተጣደፍሁ ሞላሁለትና ተነሣ። የመዘገበውን ወዲያው ወዲያው መላክ አይችልም። በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ሲጠይቀው ሁሉንም አንዴ ያስረክባል። ይሁን።

የጋኑ ኃላፊ ጋሽ ሙሉነህ ናቸው። የቄስ ልጅ ናቸው፤ ፊደል የቆጠሩት ከከተማው ሐይቅ ማዶ ካለ ደብር ነው። በየግማሽ ሰዓቱ የወተቱን ሙቀት በመዝገብ ይጽፋሉ፤ የዕለቱን ታቦት ስም በቀይ ቀለም፣ ቁጥሩን በጥቁር። ሲሳሳቱ አይፍቁም። በአንድ መስመር ሰርዘው ይፈርሙበታል። የእጅ ጽሑፋቸው ያስቀናል።

«ይኸ ሳጥን የኔን መዝገብ ሊተካ ነው?» አሉኝ።

ሊያግዝዎት ነው አልኋቸው።

«እኔ እገዛ ጠየቅሁ?»

አኮረፍሁ። ወይዘሮ ፍሬሕይወት ግን አስደሰቱኝ። «አሥራ ስምንት ሰዓት ብሎ ነገር ምንድን ነው?» ስላሉ፣ ሶፍትዌሩ ከማሽኖቹ ሰዓት ሁሉ ስድስት እየቀነሰ በኛ አቆጣጠር እንዲያሳይ አደረግሁት። «አሁን ገና አማርኛ ቻለ» ብለው ሳቁ። ጉራዬን ይዤ በባጃጅ ገባሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

የመጀመሪያው ሪፖርት ወጣ! የፓስቸራይዘሩን ሙቀት የሚያሳየው ሥዕል (ግራፍ) እንደ መጽሐፍ ይነበባል።

የጋኑ ግን ደስ አይልም። ትናንት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ሙቀቱ ከአራት ዲግሪ ወደ አሥራ ዘጠኝ ወጥቷል፤ ወደ አራት የተመለሰው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በጋሽ ሙሉነህ መዝገብ በዚያው ሰዓት፦ አራት፣ አራት፣ አራት፣ አራት።

ከስድስት እስከ ስምንት የምሳ ሰዓት ነው። ምን ማሰብ እንዳለብኝ አላውቅም። ዝም ልል አስቤ ነበር፤ ግን ሪፖርቱ በራሱ ወደ ወይዘሮ ፍሬሕይወት ስክሪን ይሄዳል። እንዲሄድ ያደረግሁት እኔው ነኝ።

ሌላ፦ የጋኑ መረጃ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ያልቃል፤ የመጨረሻዎቹ ስድስት ሰዓታት ይጎድላሉ። ገመዱ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ዛሬም ያው። በትናንቱ ምሳ ሰዓትም ጋኑ ሞቋል፣ መዝገቡም አራት ይላል።

ወይዘሮ ፍሬሕይወት ጠሩኝ። «ማቀዝቀዣውን አጥፍተው ምሳ ይወጣሉ፣ ሲመለሱ ቁጥሩን ከሐሳባቸው ይሞላሉ ማለት ነው?» እኔ ምን ልበል? መረጃው ያንን ይላል አልሁ። ከሰዓት በኋላ ለጋሽ ሙሉነህ ደብዳቤ ደረሳቸው። እስከ ቅዳሜ በጽሑፍ መልስ ካልሰጡ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀርባሉ። ለጡረታ የቀራቸው ሦስት ወር ነው።

ደብዳቤውን አጥፈው መዝገቡ ውስጥ አስገቡት። «በዚህ መዝገብ ሐሰት ጽፌ አላውቅም» አሉኝ። «ያንቺ ማሽን ግን ጻፈ።»

ተናደድሁ። ሶፍትዌር ለምን ይዋሻል? ምን ጥቅም አለው? ከሥራ ወጥቼ ሐይቁ ዳር ተቀመጥሁ። ከቁንዝላ የመጣ ጀልባ ጭነት ሲያራግፍ እያየሁ ቆየሁ። ንዴቱ እየበረደ ሄደ። ሰውየው እውነታቸውን ቢሆንስ?

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ጠዋት አንድ ነገር አባነነኝ። ጋሽ ሙሉነህ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ታዲያ ረቡዕ ዕለት ለየትኛው ምሳ ነው የወጡት?

ቴርሞሜትር ይዤ ጋኑ ሥር ተቀመጥሁ። ስድስት ሰዓት፦ አራት ዲግሪ። ስድስት ተኩል፦ አራት። ሰባት፦ አራት። ስምንት፦ አራት። ጋሽ ሙሉነህ በየግማሽ ሰዓቱ መጥተው አዩ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። አንዴም አላነጋገሩኝም።

አልተነሣሁም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከመሸንቲ ገበሬዎች የማታ ወተት የጫነው መኪና ገባ። ከላም ጡት ከወጣ ብዙም ያልቆየ ወተት ነው፤ ገና ለብ ይላል። ወደ ጋኑ ሲገለበጥ የኔም ቴርሞሜትር ተነሣ፦ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ አራት ገባ።

ያ ሥዕል! ቁርጥ ያው ነው። ሪፖርቱ ላይ በምሳ ሰዓት ስናየው የነበረው የማታ ወተት ነው። ለነገሩ በየማታው ለብ ያለ ወተት እየተገለበጠበት ሪፖርቱ ምሽቱን ሁሉ አራት ዲግሪ ሲል እንዴት አልጠየቅሁም? የመዝገቡንስ የማታ መስመሮች እንዴት ሳላይ ቀረሁ?

የመቆጣጠሪያውን ሰዓት ከፈትሁ። 14፡00 ይላል። ውጪ ጨልሟል።

ማክሰኞ ባትሪውን ስቀይር የእጄን ሰዓት አይቼ ነው የሞላሁት። አራት ሰዓት ከአሥር ነበር፤ 04፡10 ብዬ ጻፍሁ። የማሽን ቀን ከእኩለ ሌሊት ነው የሚጀምረው፤ 10፡10 ማለት ነበረብኝ። አንዱን ስድስት ሰዓት እኔ በእጄ ቀነስሁ፤ ሌላውን ስድስት ሶፍትዌሩ ቀነሰ። የጎደሉት የመጨረሻ ሰዓታትም ያው ናቸው። ገመዱ ምን አደረገ!

አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ ተምሬ።

ዞር ስል ጋሽ ሙሉነህ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም። ብናገር ሙከራው አለቀለት። ባልናገር… እንዲህ ብዬ መጻፌ ራሱ ያሳፍራል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ተናገርሁ።

ቢሮ ስገባ ጋሽ ሙሉነህ መልሳቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። ወይዘሮ ፍሬሕይወት ወረቀቱን ሊቀበሉ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ «አይቀበሏቸው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ ጮኽሁ። ከዚያ ያለ ትንፋሽ ሁሉንም አወጣሁት። የእጅ ሰዓቴን፣ ባትሪውን፣ ሁለቱን ስድስት ሰዓት።

ወይዘሮ ፍሬሕይወት ደብዳቤውን አስመልሰው ቀደዱት። ተነሥተው ቆሙና፣ «ጋሽ ሙሉነህ፣ መጥቼ ጋኑን ሳላይ ነው የፈረምሁት፤ ይቅር ይበሉኝ» አሉ። ወደኔ ዞሩ። «በዚህ ስክሪን ሰው ልናባርር ነበር። መቀጠል አለመቀጠሉን እኔ አልወስንም። እሳቸው ይወስኑ፣ እስከ ሰኞ።»

ጋሽ ሙሉነህ እኔን ወደ ጋኑ ወስደው መዝገቡን የማክሰኞ ገጽ ላይ ገለጡልኝ።

«እዚህ ቤት የተሳሳተ ሰው ይፈርማል።»

ከዚያ ውብ ጽሑፍ ግርጌ በዚህ የዶሮ ጭረት በሚመስል እጄ ጻፍሁ፦ የጋኑን ሰዓት በስሕተት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ፈረምሁ። የመቆጣጠሪያውን ሰዓት ግን ራሳቸው ናቸው ያስተካከሉት፤ በጣታቸው ስድስት ቆጥረው ጨመሩና፣ ሁለቴ አረጋግጠው። እንድነካው አልፈቀዱልኝም።

እሑድ

ምንም አልሠራሁም። ስልኬን አርባ ጊዜ አየሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

የጋኑ ሥዕል ዛሬ ትክክል ነው። ቀኑን ሙሉ አራት፤ ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ላይ ተነሣ፣ ሁለት ላይ ወረደ። የጎደለ ሰዓትም የለም። ከመዝገቡ ጋር መስመር በመስመር አስተያየሁት። አንድም ልዩነት አጣሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፍርሃቱ ባሰብኝ።

አራት ሰዓት ላይ ተጠራሁ። የጋሽ ሙሉነህ መዝገብ ወይዘሮ ፍሬሕይወት ጠረጴዛ ላይ ነው። አዙረው ሰጡኝ። በጥቁር ቀለም፣ በዚያ በሚያስቀና እጅ፦ «መሣሪያው ይቀጥል። ሰዓቱን ግን በየሰኞው እኔ አየዋለሁ። ሙሉነህ።»

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ወይዘሮ ፍሬሕይወት «ቀጣዩን ማሽን፣ የእንፋሎት ቦይለሩን፣ መቼ ትጀምሪያለሽ?» አሉኝ፤ ነገ አልኋቸው።

ላመሰግናቸው ወደ ጋኑ ሮጥሁ። ጋሽ ሙሉነህ መነጽራቸውን አጸዱ፣ ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጡልኝ፣ ላፕቶፔን በአገጫቸው አመለከቱ።

«በይ ክፈችው» አሉኝ። «ይኸን ሥዕል ማንበብ አስተምሪኝ።»