የስምንት መቶ ሜትሩ ሪከርድሽ ጉዳይ

ልጄ፣ ዓይኔ፣ ከሰላምታው በፊት ጥፋቴን ላስቀድም፤ ሰላምታውን ካስቀደምኩ እንደ ልማዴ እዚያው ላይ እንደምቀር አውቃለሁ። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለው ሰሌዳ ስምሽ የተጻፈበት የስምንት መቶ ሜትር ሪከርድ ልክ አይደለም። ልክ አለመሆኑን እያወቅኩ ስምንት ዓመት ዝም አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያንቺ ቅንጣት የለበትም።

አሁን እንዴት ነሽ? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ ወይ? የስፌት ፋብሪካው ፈረቃሽ ወደ ቀን ዞረልሽ? ባለቤትሽስ? የልጅ ልጄ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት ወይስ አሁንም ስትስቅ በእጇ ትሸፍናለች? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም የሚያኮርፈው ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው። አምላክ ይመስገን።

ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ አምሮበታል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ወንበር ጠፍቶ ልጆቹ መስኮት ላይ ተቀምጠው ያነባሉ። የሚኒ ሚዲያ ክበቡ አዲስ ድምፅ ማጉያ አግኝቶ በእረፍት ሰዓት ጆሮ አያስተርፍም። የጥያቄና መልስ ቡድናችን ከአምስት ትምህርት ቤቶች አንደኛ የወጣ ዕለት የኬሚስትሪ መምህሩ ደስታ ቢያቅታቸው በሩ ላይ ያገኙትን ዘበኛ አቅፈው ሳሙት፤ ዘበኛው ምን እንዳሸነፈ እስካሁን አልገባውም። እኔንም ልጆቹ «አባባ ኖራ» ነው የሚሉኝ። የሩጫውን መም በኖራ ሳሰምር ውዬ ስወጣ ጢሜ ከሱሪዬ አይለይም።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ከዚሁ መስመር ነው። መሙን የምለካው ሃምሳ ሜትር በሆነች ገመድ እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ ስምንት ጊዜ ስዘረጋት አንድ ዙር ትሞላለች። አንቺ በሮጥሽበት ሳምንት የድራማ ክበብ ልጆች መጋረጃ ሊሰቅሉባት ተውሰው ከመሃሏ ቆርጠው መለሱልኝ። እኔም ሁለቱን ጫፍ ደራርቤ አጥብቄ ቋጠርኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ቋጠሮው ከገመዷ ላይ ምን ያህል እንደሚበላ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ጭንቅላቴ አላሰበውም። በዓመቱ አጥር ሊያጥሩ የመጡት ግንበኛ ገመዴን በብረት ሜትራቸው ለክተው «አባባ፣ ይቺ ሃምሳ አትሞላም፤ አንድ ሜትር ከሃያ ይጎድላታል» አሉኝ። በአንድ ዙር ወደ አሥር ሜትር መሆኑ ነው። አንቺ የሮጥሽው ሁለት ዙር ነበር።

ያን ጊዜ እናትሽ ካረፈች ሰባት ወሯ ነው። ውድድሩ ቀን ከሕመሟ ተነስታ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንዳየችሽ አትረሺውም። ከዚያ በኋላም አቅም ባገኘች ቁጥር እየመጣች ሰሌዳው ፊት ትቆም ነበር፤ ፊደል ባትቆጥርም ስምሽ ያለበትን መስመር ታውቀዋለች። ስምሽን ባነሳ ያችን ቀን ከእሷ የምቀማት መሰለኝ። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር መንገድ አዙሬ በሰሌዳው በኩል የማሳልፈው እኔው ነበርኩ። ኩራቱ የኔ ሆኖ ሳለ የሞተች ሚስቴን ከለላ አደረግኳት።

የባሰውን ልንገርሽ። አዲስ ገመድ ገዝቼ መሙን ለብቻዬ አስተካከልኩት፤ ሪከርዱን ግን እንዳለ ተውኩት። ስለዚህ ካንቺ በኋላ የመጡት ልጆች በሙሉ ሜዳ እየሮጡ የጎደለ ሜዳ ላይ የተሮጠ ሰዓት ሲያሳድዱ ኖሩ። ካንቺ በፊት ሪከርዱን በሁለት ደቂቃ ከሃያ ሦስት ሴኮንድ ይዛ የነበረችው ልጅ ደግሞ ዛሬ የስፖርት መምህርታችን ናት፤ በየቀኑ ኳስና ፊሽካ የምትወስደው ከኔ እጅ ነው።

ዘንድሮ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ አለች፤ ስትሮጥ ስለምትዘል «ፌንጣ» ይሏታል። በስፖርት ቀን ስምንት መቶውን በሁለት ደቂቃ ከሃያ ሁለት ሴኮንድ ገባች። ያንቺ ሃያ አንድ ነው። የሚኒ ሚዲያው ልጅ በማጉያው «በአንዲት ሴኮንድ፣ ወገኖቼ፣ በአንዲት ሴኮንድ ብቻ» እያለ አለቃቀሰ። ፌንጣ ግን አላለቀሰችም፤ ተቀምጣ ጫማዋን ፈታችና ለመምህርቷ ሰጠቻት። «ለሌላ ልጅ ስጪልኝ፤ እኔ አልችልም» አለች። ጫማውን ዕቃ ግምጃ ቤት መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ሦስት ቀን ጸሎት አልሆንልሽ አለኝ፤ እጀምርና መሃል ላይ ይጠፋብኛል። በአራተኛው ቀን መምህርቷ ኳስ ልትወስድ ስትመጣ በሩን ገርበብ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት። ፊቴን አየችኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ስቃ ስቃ የጂምናስቲክ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለች። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሕልሜ ሳይቀር ልጅህ ስትቀድመኝ፣ ለካ የቀደመኝ ገመድ ነው» አለችኝ። እኔም ከእንባዬ ጋር ሳቅኩ። ቀጥላ ግን ኮስተር ብላ «ለኔስ ግድ የለም አባባ፤ ለፌንጣ ራስህ ንገራት» አለችኝ።

ርእሰ መምህሩ መጀመሪያ ራሳቸውን ያዙ። ሰዓቱ በሪፖርት ወደ ላይ እንደሄደ፣ ማንም ሳይጠይቅ እኛው ለምን እንደምንቆሰቁሰው ጠየቁኝ። የሒሳብ መምህሩ ናቸው የገላገሉኝ። ያስቀመጥኳትን አሮጌ ገመድ ተቀብለው አሥረኛ ክፍሎችን ሜዳ አወጧቸውና «ዛሬ ሒሳብ በእግር ነው» አሉ። ልጆቹ ለኩ፣ አባዙ፣ ተጨቃጨቁ። ሰዓትሽ በሙሉ ሜዳ ቢሆን ሁለት ደቂቃ ከሃያ አራት ሴኮንድ ተኩል አካባቢ እንደሚመጣ አወጡት። መምህሩም ይህ ጥያቄ ለፈተና እንደሚመጣ ዝተዋል።

ሰኞ ባንዲራ ሲሰቀል ማይክ ፊት ቆምኩ። የገመዱን ነገር፣ የዝምታዬን ነገር በአራት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩና «ፌንጣ፣ ይቅር በይኝ፤ የቀደመሽ የለም» አልኩ። ከዚያ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ሰልፍ አንዱ «አባባ ኖራ፣ የኛንም ፈተና በዚያችው ገመድ ለኩልን» ሲል አንድ ሺህ ልጅ በአንዴ ሳቀ። ርእሰ መምህሩም ሳቁ። ፌንጣ በመጀመሪያው እረፍት መጥታ «ጫማዬን» ብላ እጇን ዘረጋች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ጫንቃዬ ላይ የነበረው ሸክም በዚያች ቃል ወረደልኝ።

ልጄ፣ አንቺ የዋሸሽው ነገር የለም፤ ያን ቀን እግርሽ ያለውን ሁሉ ሰጥቷል። የሰሌዳው ፎቶ ሳሎናችሁ ውስጥ እንደተሰቀለ አውቃለሁ። አውርጂው አልልሽም። ልጅሽ ስትጠይቅሽ ግን አያትሽ ነው የተሳሳተው በያት፤ ደብቆም ነበር በያት። ስምሽን ከሰሌዳው ከማንሳቴ በፊት ፈቃድሽን ልጠብቅ አስቤ ነበር። በኋላ ግን እሱም ሌላ መደበቂያ መሆኑ ገባኝ። ከተቀየምሽ ጻፊልኝ፤ ቅያሜሽን እቀበላለሁ።

ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ፤ በሪከርድሽ ሲፎክር ስለኖረ ቀስ አድርገሽ ንገሪው። ለአማትሽ ጤና ይስጥልኝ። የልጅ ልጄን ሁለቱንም ጉንጭ ሳሚልኝ። ታናሽ ወንድምሽ ሰላም ብሏል፤ እሱማ የገመዱን ነገር ሲሰማ ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው።

እዚህ ድረስ ትናንት ጽፌ ነው ያደርኩት። ዛሬ ጠዋት ጸሎቴን እስከ መጨረሻው አድርሼ ቀለምና ብሩሽ ይዤ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። የስምሽ የመጨረሻ ፊደል ላይ እጄ ለትንሽ ጊዜ ቆመ፤ እናትሽ ትቆምበት የነበረውን ቦታ ወደ ታች አየሁ። ከዚያ ቀባሁት። ሲደርቅ የፌንጣን ስም ከነአባቷ፣ ከጎኑም ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሁለት ሴኮንድ ብዬ በእጄ ጻፍኩ።

አባትሽ
ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት
ቅዳሜ፣ ግንቦት 16 ቀን