የመጀመሪያው ሸክላ፣ ሦስት እሑድ፦ የአቶ ኢታና ደቻሳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኢታና ደቻሳ የመጨረሻዎቹን አሥራ አራት ዓመታት ለምን ብቻቸውን እንደኖሩ ሁለት ቃል አለ። ታላቅ እኅታቸው ወይዘሮ ሠርካዲስ ደቻሳ «ወንድሜ ሰው ሰልችቶት በሩን ዘጋ» ይላሉ። ጎረቤታቸው ባለሱቁ አቶ ቡሽራ ሳቢት ደግሞ «የዘጋውስ ለሰው ብሎ ነው» ይላሉ። ሁለቱም በቅርብ የሚያውቋቸው ናቸውና የሁለቱም ቃል እዚህ ሰፍሯል።

አቶ ኢታና ከአባታቸው ከአቶ ደቻሳ ቶለሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቡርቱካን በ1924 ዓ.ም. በጉለሌ፣ ቀጨኔ ተወለዱ። አባታቸው ከወለጋ መጥተው የእንጦጦን ባሕር ዛፍ በመጋዝ እየሰነጠቁ ቤተሰብ ያስተዳደሩ ሰው ነበሩ። ኢታና በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ፤ እዚያው የጸሎት ቤቱን ሃርሞኒየም መጫወት ለመዱ። መዝሙሩ አልቆ እንኳ ጣታቸውን ከመጨረሻው ድምፅ ላይ ስለማያነሡ ሰባኪው ቆመው ይጠብቋቸው ነበር።

በ1951 ዓ.ም. ከወይዘሮ መሰለች ግዛቸው ጋር በጋብቻ ተሳሰሩ። ልጅ አልወለዱም። ወይዘሮ መሰለች በ1962 ዓ.ም. በተስቦ ሲያርፉ አቶ ኢታና ሌላ ትዳር አልፈለጉም። የባለቤታቸውንም ወንበር ከቦታው አላነሡም።

ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የሸክላ ክፍል ሠርተዋል። በ1963 ዓ.ም. አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ሰባት የጃዝ ሸክላዎች ትቶላቸው ሄደ። ይህ ጃዝ ከስልት ወደ ስልት የማይሮጥ፣ አንድ ቅኝት ላይ ተቀምጦ የሚቆይ ነው። አቶ ኢታና «ትዝታን የሚያውቅ ሰው ግማሹን መንገድ መጥቷል» ይሉ ነበር።

ሰባቱን ለአዲስ ሰሚ እንዲስማሙ በተራ አስቀመጧቸው። የመጀመሪያው ዝግተኛና ለስላሳ ነው። የመጣውን ሰው በመሰለች ወንበር ያስቀምጡና «ትራምፔቱን ለጊዜው ተወው፤ ባሱን ተከተል፣ እሱ አይጠፋብህም» ይሉታል። ያንን ሦስት እሑድ ያልሰማ ሁለተኛውን አያገኝም። አራተኛው ፒያኖ፣ ባስና ከበሮ ብቻ ነው። ሰባተኛውን ሲያጫውቱ ግን «ካልገባህ አትዘን፣ እኔም ገና ነኝ» ይሉ ነበር። ሦስቱን እሑድ የጨረሰ ሰው ስሙ ከነተራ ቁጥሩ በመጀመሪያው ሸክላ ሽፋን ጀርባ ይጻፍለታል። አሥራ አንድ ስም ተጽፏል። አንደኛው አቶ ቡሽራ ናቸው፤ «ሁለቱን እሑድ ለሻዩ ብዬ ነው የሄድኩት፣ በሦስተኛው ያዘኝ» ብለዋል።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የቤት ለቤት አሰሳ ሆነ። በዚያ ወቅት በቁጥር የተደረደረ የስም ዝርዝር ምን ሊመስል እንደሚችል የነበረ ሁሉ ያውቃል። አቶ ኢታና ሽፋኑን ማቃጠል አልሆነላቸውም። የመጀመሪያውን ባዶ ሽፋን በስድስቱ ሸክላዎች መካከል ሸሽገው ሁሉንም ኮርኒሱ ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ሥር ደበቁ። የመጀመሪያው ሸክላ ማጫወቻው ላይ ቀረ። አሳሾቹ ጥቂት አስከፍተው ሰሙና አንዱ «ይሄ ዘፋኝ የለውም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። «የለውም» አሏቸው፤ ሄዱ።

ሸክላዎቹን እስከ ሰኔ አላወረዷቸውም። ሲያወርዷቸው ስድስቱም በቆርቆሮው ሙቀት ተጣመው ነበር። ሸክላ አሥራ ስድስት ዓመት የያዘ ሰው ሙቀት እንደሚያጣምመው አይጠፋውም፤ የዚያን ቀን ግን የታያቸው የሰዎቹ ስም ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠሩም። የመጣውንም ከደጅ ይመልሱ ነበር። አቶ ቡሽራ አንድ ቀን በሱቃቸው መስኮት ምክንያቱን ቢጠይቋቸው «ስማችሁ እኔ ቤት ተገኝቶ ከምትጠፉ እኔ ብቻዬን ብሆን ይሻላል» አሏቸው። ባትሪ ገዝተው ተመለሱ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ከዚያ ወዲያ የተነጋገሩት በመስኮት ነው።

በ1973 ዓ.ም. አንድ እሑድ፣ ወይዘሮ ሠርካዲስ ሊጠይቋቸው ሲመጡ፣ አቶ ኢታና ሸክላውን ከፍተው ባዶውን ወንበር አሳዩአቸው። የእኅት መምጣት ማንንም አያስጠረጥርም ነበርና። ወይዘሮ ሠርካዲስ ሳይቀመጡ «ተወኝ ወንድሜ፣ ለእኔ መዝሙር ይበቃኛል» አሉ። አቶ ኢታና መርፌውን አነሡት። ዳግመኛ እንዲሰሙ አልጋበዟቸውም። የቀረውን አሥር ዓመት ሁለቱን ወንበሮች ጎን ለጎን እንዳደረጉ፣ በየእሑዱ ያንኑ አንድ ሸክላ ብቻቸውን ሰምተዋል።

አቶ ኢታና ደቻሳ ባደረባቸው የልብ ሕመም በቤታቸውና በሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው ሚያዝያ 11 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ። እኅታቸውንና የእኅታቸውን ልጆች ትተው አልፈዋል። እስከ መጨረሻው የጠበቁት ጌታ በማያልቀው ዝማሬ መካከል ያሳርፋቸው፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥ።

ትናንት በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ማጫወቻውና ሸክላው መርካቶ ይሸጡ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። አቶ ቡሽራ ያን የቆየ ሽፋን ከአቶ ኢታና ቤት አውጥተው ይዘው ገቡና ኮርኒስ ውስጥ የነበረው ለምን እንደሆነ፣ አቶ ኢታና በመስኮት እንደነገሯቸው፣ ለሁሉም ተናገሩ። ወይዘሮ ሠርካዲስ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበቧቸው። ከዚያም ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«ሸክላው ከዚህ ቤት አይወጣም። ከፊታችን እሑድ ጀምሮ ከአምልኮ መልስ በመሰለች ወንበር ተቀምጬ ሦስት እሑድ እሰማዋለሁ። ቡሽራ፣ አንተ አጫውትልኝ። ስጨርስ ከአሥራ አንደኛው በታች ስሜን ጻፉት።»