ዘጠኝ ማይል ብቻ ስለተነዳችው ወይን ጠጅ ፕሊመዝ

ለክቡር ሸሪፍ ሬንደል ኮፕስ
የታሎ አውራጃ ሕግ አስከባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና በተለይም የእንቅልፍዎን ነገር በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ስድሳ ስምንት ዓመት ቢሞላኝም ዓይኔ ያያል፣ ቁጥርም አይጠፋኝም። እርስዎ በሚገባ ቢያውቁኝም ይህ ደብዳቤ የሚወጣበት ጋዜጣ ሩቅ አገር ሊደርስ ይችላልና ለአንባቢው ራሴን ላስተዋውቅ። ኦርላ ፕሩት እባላለሁ። በዚህ አውራጃ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ የእርስዎንም ሁለት ሴት ልጆች በሰላም ወስጄ በሰላም መልሻለሁ።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለመጻፍ ያበቃኝ ባለፈው ኤፕሪል ያወጡት የሽያጭ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያውን ለአገርዎ ሰው ማሳየት ሳያሻዎት ቀርቶ፣ ከሩቅ ከተማ ያሉ የድሮ መኪና ወዳጆች በሚገበያዩበት ድረ ገጽ ላይ ብቻ ማውጣትዎ ትሕትናዎን ያሳያል። ዳሩ ግን ጎረቤቴ ሊዮን ስታምፐር፣ ጡረታ የወጣው መካኒክ፣ የሚገዛው ባይኖረውም ጠዋት ጠዋት አሮጌ መኪና ሲያይ የሚውል ሰው ነው። አንድ ቀን ቁርሴን ሳልጨርስ በሬን አንኳኳና፣ «ኦርላ፣ ተቀመጪ። ቆመሽ እንዳታዪው» አለኝ።

ቅሬታዬን በአክብሮትና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ማስታወቂያዎ «የ1970 ሥሪት ፕሊመዝ፤ ትልቁ ሞተር፤ ባለ አራት ማርሽ፤ ዋናው ወይን ጠጅ ቀለሟ ያልተነካ፤ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈች፤ እንዲህ ያለች ሁለተኛ አይገኝም» ይላል። በመጨረሻው ቃል ፍጹም እስማማለሁ። የሾፌሩ መቀመጫ ስፌት በፎቶግራፉ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ክሩም ክር አይደለም፣ የዓሣ ማጥመጃ ገመድ ነው። ይህን የማውቀው እኔው ስለሰፋሁት ነው። ወንድሜ ዴልበርት ይህችን መኪና ዛፍ ወድቆባት ጣሪያዋ ተጨፍልቆ አገኛት፤ በወረቀት ፋብሪካ ፈረቃው ላይ እየደረበ አራት ክረምት ሙሉ ታገለላትና መልሶ ሰው አደረጋት። መቀመጫዋን ስሰፋ መርፌው ጣቴን ስለወጋኝ አንድ ሳምንት ሙሉ «ደምሽን የቀላቀልሽባት እህቷ» እያለ ሲቀልድብኝ ነበር።

የተከበሩ አባትዎ፣ ያን ጊዜ ሸሪፍ የነበሩት አቶ ቨርጂል ኮፕስ፣ መኪናዋን ሊገዟት ሦስት ጊዜ ጠይቀውት ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁት ነዳጅ ማደያው በሰው ተሞልቶ ነበር።

«ዴልበርት፣ ይቺ መኪና ለፋብሪካ ሠራተኛ አትበዛም?»

«ለሸሪፍም ትፈጥናለች» አላቸው።

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። በዚያ በጋ ወንድሜን አሥራ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ አስቁመውታል።

ሁለተኛ። የባለቤትነት ወረቀቷ የጸዳ መሆኑን ስላረጋገጡልን ከልብ አመሰግናለሁ። ግልባጩን ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት አውጥቼ አየሁት። መኪናዋ በሌላ ስቴት መንገድ ዳር ተጥላ እንደተገኘች፣ በ1988 «ባለቤት አልባ» ተብላ እንደተመዘገበች ይላል። ተጥላ መገኘቷን ያረጋገጡት አቶ ቨርጂል ኮፕስ ናቸው፤ ባለቤት መጥፋቱን የመሰከሩት አቶ ቨርጂል ኮፕስ ናቸው፤ የተረከቡትም አቶ ቨርጂል ኮፕስ ናቸው። አንድ ሰው ይህን ያህል ሥራ ብቻውን ሲሸከም በአውራጃችን ታሪክ ታይቶ አይታወቅም።

ሦስተኛ፣ ስለ ተነዳችበት ርቀት።

ኦክቶበር 11 ቀን 1986 ቅዳሜ ነበር። ዴልበርት ከምሳ በፊት ዘይት ቀየረላትና ከመሪው ሥር ሆኖ ጮኸ።

«አርባ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድስት! ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ፣ ጆሮዬን አታደንቁረኝ።»

«ስድስቷን አሳምሪያት፤ ባለፈው ዜሮ አስመስለሻታል።»

ደብተሩ ዛሬም ከእኔ ጋር ነው፤ ስድስቷም ያማረች ናት። ከዚያ እጁን ታጠበና «ነዳጅ ሞልቼ መጣሁ፤ የባቄላ ሾርባውን እንዳትጨርሱብኝ» ብሎ ወጣ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ሰኞ ዕለት አባትዎ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። «ወንድምሽ ሚዙሪ ላይ ታይቷል፣ ወደ ምዕራብ እየነዳ ነው። ወጣት አይደል? ተዉት ይብረር» አሉን። እናቴ አመነቻቸው። ሸሪፍ ካልታመነ ማን ይታመናል? እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ ለልደቱ ቀን በአንዱ የምዕራብ ከተማ ፖስታ ቤት ስም ካርድ ትልክ ነበር። አሥራ አራቱ ተመልሰው መጡ። ያልተመለሱትን እየቆጠረች «ይኼኔ ደርሶት ይሆናል» ትል ነበር።

እንግዲህ ክቡርነትዎ «እጅግ ጥቂት የተነዳች» ሲሉ በኩራት ባወጡት ፎቶግራፍ ላይ የማይል መቁጠሪያው 41,215 ይላል። ከእኛ ግቢ እስከ ሚዙሪ ድንበር ድረስ ስንት መቶ ማይል እንደሆነ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ከእኛ ግቢ እስከ አባትዎ የድርቆሽ መጋዘን ድረስ ግን በነዳጅ ማደያው በኩል በሚያልፈው የሸንተረሩ መንገድ ዘጠኝ ማይል ነው። በአውቶቡስ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ነድቼዋለሁ፤ ለጥንቃቄ ብዬ ደግሞ በራሴ መኪና ደግሜ ለክቼዋለሁ።

ቁጥሬን እዚህ ላይ ባቆም ይቅርታዎን እለምናለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው በተራ ቁጥር የሚደረደር አልሆነልኝም።

ከሊዮን ጋር ማክሰኞ ረፋድ ላይ መኪናዋን ለማየት ወደዚያው መጋዘን ስንመጣ የተቀበሉንበትን ፈገግታ አልረሳውም።

«ውይ፣ ወይዘሮ ኦርላ! ይቺን ጉልበተኛ ምን ሊያደርጓት? ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱባት?»

«ለማየት ነው ሸሪፍ፤ ማየት አይከለከልም ብዬ ነው።»

መስኮቷ ላይ ጎንበስ ብዬ መቁጠሪያውን አየሁና ሳላስበው «ዘጠኝ» አልኩ። «ምን አሉ?» ሲሉኝ «ምንም፣ ዕድሜ ነው» አልኩዎት። የኋላውን ዕቃ ማስቀመጫ እንዲከፍቱልኝ ብለምንዎ ቁልፉ ከብዙ ዓመት በፊት እንደጠፋ ነገሩኝ። ንፋስ ለመቀበል ብዬ ከመጋዘኑ ኋላ ዞርኩ። እዚያም አሮጌው የውኃ ጉድጓድ አፉ በሲሚንቶ ተደፍኖ አየሁ።

አባትዎ ሲሚንቶ ባፈሰሱበት ሁሉ ቀኑን በጣታቸው መጻፍ ይወዱ እንደነበር አገር ያውቃል፤ በፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ አለ፣ በቤተ ክርስቲያናችን መግቢያም ላይ አለ። እዚያም ጽፈው ነበር። ሙሱን በጫማዬ ፋቅሁት፤ ኦክቶበር 12፣ 1986 ይላል። እሑድ ነው። እኒያ ሰንበትን አጥብቀው የሚያከብሩ ሰው፣ ጎረቤት ሣር ሲያጭድ እንኳ የሚቆጡት፣ በእሑድ ቀን ሲሚንቶ ለማቡካት ምን ያህል ቢቸግራቸው ይሆን ብዬ አዘንኩላቸው።

ቀና ስል እርስዎ ከኋላዬ ቆመዋል።

«ያ ጉድጓድ ድሮ የደረቀ ነው» አሉኝ። «ከብት እንዳይገባበት ነው የተደፈነው።»

እኔ ምንም አልጠየቅሁም ነበር።

ማስታወቂያው በማግሥቱ ወረደ። ከዚያ በኋላ ላደረጉልኝ ጥበቃ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የመሥሪያ ቤትዎ መኪና ስድስት ቀን ሙሉ ከቤቴ ፊት ለፊት ቆማ ሰነበተች፤ በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ሕግ እንዲህ ቀርቦኝ አያውቅም። በሰባተኛው ቀን ራስዎ መጥተው በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው ስለ ደረጃዬ መጨነቅዎም ልቤን ነክቶታል።

«እንጨቱ በስብሷል፣ ወይዘሮ ኦርላ። ብቻዎን ነው የሚኖሩት። በዚህ ዕድሜ ሰው አንዴ ከወደቀ ማን ያየዋል?»

«ሊዮን ያየኛል» አልኩ።

«ሊዮንም እኮ አርጅቷል» አሉና ባርኔጣዎን አነሡልኝ።

ከሄዱ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ። ፈራሁ፤ አልዋሽዎትም። ስነሣ ግን ደብተሩን፣ ሊዮን ቀድቶ ያስቀራቸውን የማስታወቂያውን ፎቶግራፎችና የወረቀቷን ግልባጭ በብስኩት ቆርቆሮ አድርጌ፣ ሊዮንን አጠገቤ አስቀምጬ በጠራራ ፀሐይ ወደ ዋና ከተማው ነዳሁ። የስቴቱ መርማሪ፣ አንዲት ዝምተኛ ሴት፣ ደብተሩን ሦስት ጊዜ አንብባ «ይህን ስድስት የጻፈው ማን ነው?» አለችኝ። «እኔ» አልኳት። ብድግ ብላ በሩን ዘጋችና የድምፅ መቅጃዋን አወጣች።

ባለፈው ሐሙስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘው መጥተው ሲሚንቶውን ሰበሩት። እርስዎም እዚያ ነበሩና የወጣውን መንገር አያሻኝም። እኔ ያየሁት የወንድሜን የቀበቶ ዘለበት ብቻ ነው፤ ፋብሪካው በዓሣ ማጥመድ ውድድር የሸለመው፣ ዓሣው አፉን የከፈተበት። ሌላውን እንዳላይ መርማሪዋ ጀርባዋን ሰጥታ ጋረደችኝ።

እርስዎ ለጋዜጣ «አባቴ ያደረጉትን አላውቅም፤ ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ» ብለዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመትዎ ነበር፤ ይሁን፣ ልጅ እንበል። ነገር ግን አባትዎ ግራ ጉልበታቸው በከሰል ማዕድን ተቀጥቅጦ በብረት የተያያዘ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልታጠፈ ነበር፤ በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን ያለው መኪና ነድተው አያውቁም። ያን ማክሰኞ እኔ ከመጋዘኑ ኋላ ሳለሁ ለሊዮን ምን ብለውት እንደነበር ያስታውሳሉ? «ፍሪሲዮኗ ከባድ ነው፤ መጀመሪያ የነዳኋት ዕለት እግሬ ተንቀጥቅጦ ነበር» ብለውታል። ሊዮን ይህንኑ ቃል ለመርማሪዋ ሰጥቶ ፈርሟል።

ክቡር ሆይ፣ ወንድሜ ከግቢያችን ይዟት ከወጣ በኋላ ይህች መኪና የተነዳችው ዘጠኝ ማይል ብቻ ነው። እርስዎ የነዷት የትኛውን ነው?

መልስዎን ለእኔ ለመጻፍ እንዳይደክሙ አደራ እላለሁ፤ ቃልዎን የሚጽፉልዎ ሰዎች ሰኞ ጠዋት ወደ ቢሮዎ ይመጣሉ።

ለአውራጃችን ስላበረከቱት የረጅም ዘመን አገልግሎት፣ ሰው ይረሳል ብለው ስለጣሉብን እምነት፣ እንዲሁም ስለ ጥርት ያሉት ፎቶግራፎችዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ የሚገባዎትን ሁሉ ፈጣሪ ሳያጎድል እንዲሰጥዎ ዘወትር የምለምን፣

የዴልበርት ፕሩት እህት
ኦርላ ፕሩት

ማሳሰቢያ፦ የወንድሜ ቀብር የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይፈጸማል። በአውራጃችን ልማድ የቀብር ሰልፍን ከፊት ሆኖ የሚመራው የሸሪፉ መኪና መሆኑን አውቃለሁ። ለዚህኛው ግን እንዳይመጡ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ፤ ወንድሜን አንድ ጊዜ ሸኝተውታል።