የእየሩስ ጊታርና የአባትሽ ጆሮ

ልጄ ይታይሽ፣ ደጁን ስመሽ የሄድሽው ጊዮርጊስ ጥላ ከለላ ይሁንሽ። እኛ ደህና ነን፤ ላሟም ወልዳለች።

ለእህትሽ ለእየሩስ የኤሌክትሪክ ጊታሯን ድምፅ ያለ ገመድ የሚያስተላልፍ ዕቃ ልትልኪ፣ በስፒከር የሚያሰማው ይሻላል ወይስ ለጆሮዋ ብቻ የሚያሰማው ብለሽ ጠይቀሽ ነበር። የጆሮውን ከጓደኛዋ ተውሳ ሞከረችው። አባትሽ፣ ያ የጊታሯ ገመድ ጠልፎ ቢጥለው «ይህ ጩኸት ከቤቴ ይውጣልኝ!» ብሎ የማለው ሰውዬ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ሦስት ቀን ተቁነጠነጠ። በአራተኛው ቀን አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ «እየሩስ፣ ለብቻሽ ነው እንዴ የምትሰሚው?» አላት።

እናም የስፒከሩን ላኪ። ርካሹ ይበቃናል፤ ቤታችን ከግድግዳ ግድግዳ ዘጠኝ እርምጃ ነው፣ ምን ሩቅ የሚደርስ ያስፈልገዋል?

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። አደራሽን፣ ስትደውዪ ለአባትሽ የመረጠችው እናቴ ናት በዪው፤ እሱማ ዛሬም ጩኸት እንደሚጠላ ነው የሚያወራው።

እናትሽ