እልልታውን ለእኛ የተዉት የሙዚቃ ደራሲ፣ ወይዘሮ ሲግኔ ሊንድቫል (እ.ኤ.አ. 1932–2018)

ወይዘሮ ሲግኔ ሊንድቫል ከአባታቸው ከአቶ ኒልስ ሊንድቫልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤልሳ ዮሃንሰን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1932 በሰሜን ስዊድን፣ ሄርኖሳንድ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የመጋዝ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ቤታቸው ፒያኖ ስላልነበረ ገና እግራቸው መሬት ሳይነካ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ላይ እየተቀመጡ አስቸገሩ። እናታቸው ለእራት ሊወስዷቸው ሲመጡ ማስለቀስ የግድ ነበር።

በ1951 ስቶክሆልም ገብተው የሙዚቃ ድርሰት አጠኑ። በዚያን ጊዜ ሴት ትዘፍናለች እንጂ ትደርሳለች ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበር። አንድ መምህራቸው እሹሩሩ ቢጽፉ እንደሚሻላቸው መከሯቸው። እሳቸውም እሺ ብለው ጻፉ፤ ከነከበሮውና ከነጥሩንባው ለሙሉ ኦርኬስትራ፣ የተኛ ሕፃን የሚቀሰቅስ እሹሩሩ። በ1958 በሬዲዮ ተላለፈ። የምናውቃቸው ሁሉ እንደምንመሰክረው፣ ወይዘሮ ሲግኔ እሺ ካሉ ያን ጊዜ ነው መፍራት።

በ1963 ለሙዚቃ መምህርነት ወደ ነቀምቴ መጡ። ለሁለት ዓመት ብለው መጥተው ከአርባ ዓመት በላይ ኢትዮጵያ ኖሩ፤ ምክንያቱም የግብርና ባለሙያውን አቶ ቶሎሳ ዋቅጅራን፣ የእኔን አጎት፣ አገኙ። በ1966 ተጋቡ። አያንቱንና ኢዮሲያስንም ወለዱ። አማርኛና ኦሮምኛ አቀላጥፈው ተናገሩ፤ ሲቆጡ ግን ስዊድንኛው ይጨመርበት ስለነበር ማን እንደተሰደበ አይታወቅም ነበር።

የዕድሜያቸው ትልቅ ሥራ «ረጅሙ ማለዳ» ይባላል። ፀሐይ የማትጠልቅበትን የአገራቸውን በጋና የነቀምቴን ጠዋት አንድ ላይ አድርገው ለመዘምራን የደረሱት ነው። በ1974 ጀመሩት። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ልጆች ማሳደግም ነበረ። ሥራው ቁም ሣጥን ገባ።

አያንቱ በዲቪ አትላንታ መጥታ ዜግነት ካገኘች በኋላ በ2004 ወላጆቿን ከአትላንታ አጠገብ ወዳለችው ስኔልቪል አመጣቻቸው። አቶ ቶሎሳ በ2009 ሲያርፉ ወይዘሮ ሲግኔ ሐዘናቸውን ይዘው «ረጅሙ ማለዳ»ን ከቁም ሣጥን አወጡ። የሠሩትም አብዛኛውን በአያንቱ መኪና ውስጥ ነው። ሃይዌይ 78 ላይ ትራፊክ ሲቆም እሳቸው ዳሽቦርዱን እየመቱ ይዘምሩ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ያዝናሉ፤ አያንቱ ደግሞ ሥራ ይረፍድባታል።

እነሆ በ2013 ሥራው አለቀ። ፓይን ሌክ አጠገብ ያለው የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራንም አጠኑት። ኖታ የሚያነብ አልነበረም። ወይዘሮ ሲግኔ ለእያንዳንዱ ድምፅ ዘምረው ይሰጣሉ፣ የመዘምራኑ መሪ ፍፁም በስልኩ ይቀዳል፣ ሁሉም እየነዳ ያጠናል። ለሳምንታት መኪኖቻችን ሁሉ አንድ ዜማ ይዘምሩ ነበር።

የመዝሙሩ መካከል ላይ ረጅም ዝምታ አለ። ጎህ ከመቅደዱ በፊት ያለው ጸጥታ ነው። መዝሙሩ በቀረበበት እሑድ መዘምራኑ እዚህ ደርሰው ዝም ሲሉ፣ እኛ ያለቀ መሰለን። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። መጋቢያችንም ማይክራፎን አንሥተው ከባረኩን በኋላ፣ ነጭ ካምሪ ፓርክ አድርጎ መውጫውን የዘጋ ሰው እንዲያነሣ ማስታወቂያ ተናገሩ። ሕዝቡም ወደ ምሳ ሄደ። የመዝሙሩ ሁለተኛ ክፍል ሳይሰማ ቀረ።

ወይዘሮ ሲግኔ ክፉኛ አዘኑ። ከሁለት ዓመት በላይ የፍፁምን ስልክ አላነሡም። ስለ ሙዚቃ የሚያነሣባቸውንም ሰው በነጭ ካምሪ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ይመክሩት ነበር።

በ2016 ግን ስቶን ማውንቴን ውስጥ አንድ ሰርግ ተጠሩ። ሙሽሮቹ ሲገቡ እልልታው ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲያልፍ ሹካቸውን አስቀምጠው ቆሙ። ያን ዝምታ ያደመጡት ሁሉ ባዶ አድርገው እንዳልተዉትና ሕዝቡ ተራው መሆኑን ከእሳቸው ቀድሞ እንዳወቀ ያን ምሽት ለአያንቱ ነገሯት። በማግስቱ ፍፁምን ራሳቸው ደወሉለት። ዝምታውን ሰርዘው በቦታው «ሕዝቡ እልል ይላል፤ እስኪበቃው» ብለው ጻፉ።

ልምምዱ እንደገና ተጀመረ። ሆኖም የሳምባ ሕመም ጠናባቸውና ዲሴምበር 2017 ሆስፒታል ገቡ። መላውን «ረጅሙ ማለዳ» በሕይወታቸው አልሰሙትም። ለልጆቻቸው የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በቀብራቸው ዕለት ከነእልልታው እንዲዘመር። ማርች 6 ቀን 2018፣ በተወለዱ በ86 ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው አጠገባቸው ሆነው አረፉ።

ለቅሶ ላይ እልልታ የሚባለው ነገር ቀላል አልነበረም። የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ነጋ በሬሳ ፊት እልል ማለት ነውር ነው ብለው ቁርጥ አድርገው ተናገሩ። አያንቱ አለቀሰች። ኢዮሲያስ እናቱ ሁለት ጊዜ መቋረጥ የለባቸውም አለ። ሦስት ቀን ከተከራከርን በኋላ ትናንት ማታ አቶ ነጋ ደወሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አረጋሽ፣ እሳቸው ፈቀዱም አልፈቀዱም እልል እንደሚሉ ስለነገሯቸው፣ ነውሩ ለአንድ ቀን ይነሣ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሐዘንተኛ መሆናችንን እያወቅን ልባችን በደስታ መዝለሉን ልንደብቅ አልቻልንም።

ወይዘሮ ሲግኔ የሁለት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። የአርባ አራት ዓመት ሥራቸው ይህ ጽሑፍ ተነብቦ እንዳበቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ይዘመራል። መውጫ የዘጋ መኪና ያላችሁ እባካችሁ አሁኑኑ አንሡ። መዘምራኑ ዝም ሲሉ አላለቀም፤ ማንም ማይክራፎን አይንካ። ወይዘሮ አረጋሽ ይጀምራሉ፣ እኛም እስኪበቃን እንከተላለን፤ ከዚያ ሁለተኛውን ክፍል ተቀምጠን እንሰማለን።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ምሽት በሌለበት ማለዳ ያሳርፍልን። የኛን ድምፅ ከዚያ ሆነው ይስሙን።