በማኅበሩ መዝገብ ያልጻፍኩት

ጥቅምት 23፤ ጧት 1 ሰዓት ተኩል

ስለ እኔ ሰልማለች ይባላል። ውሸት። የማኅበሩን መዝገብ ቀደደች ይባላል። ይህም ውሸት። መዝገቡ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ አንድም ቅጠል አልጎደለውም። እስራኤልን ረገመች የሚለውን ወተት የምታመጣልኝ ሴት ናት የነገረችኝ፤ ዓይኔን ሳታይ። ውሸት ነው። በዕድሜዬ የረገምኩት ቢኖር ጎመኔን የጨረሰውን የጎረቤት ዶሮ ነው።

የሆነውን ለአንቺ ልጻፍልሽ፣ ደብተሬ። አንቺ ወሬ አታዞሪም።

ከትናንት ወዲያ፣ በ21፣ የማርያም ማኅበራችን በወ/ሮ የሺ ቤት ዋለ። ዳቦው ተቆረሰ። ጽዋው ተነሥቶ ለእኔ ተሰጠ፤ የኅዳር ጽዮን ተረኛ እኔ ነኝ። እስከዚህ ደኅና። ከዚያ የየሺ ልጅ ሙሉቀን ስልኩን ይዞ ተነሣ። አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ኖሮ ዘንድሮ ነው ፍኖተ ሰላም የተመለሰ። ለአብራም የተሰጠውን፣ የሚባርኩህን እባርካለሁ የሚለውን የበረከት ቃል ጠቀሰ። ስለዚህ ማኅበሩ ከእስራኤል መንግሥት ጎን መቆሙን፣ የሚያደርገውንም ሁሉ መደገፉን በመዝገብ ያስፍር፤ ጽዮን ዕለትም ይነበብ አለ። ይህን ያልደገፈ ክርስቲያን ነኝ አይበል አለ።

ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አልጽፍም አልኩ። ለምን ቢለኝ ሃይማኖት ስላልሆነ አልኩ። ቀኑን ጻፍኩ፤ ከሥሩ አንድ መስመር ባዶ ተውኩ፤ መዝገቡን ዘጋሁ። ይኸው ነው።

ጥቅምት 24

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አባቴን አሰብኩ። መሪጌታ ነበሩ። ሴት ልጅ ናት ሳይሉ አስተማሩኝ፤ ሴት ልጅ ናት ብለውም ከአርጩሜ አልማሩኝ። አንድ ቃል ከመተርጎሜ በፊት ሦስት ጥያቄ። ማን ተናገረው? ለማን? ስለ ምን? አንዱን ከዘለልኩ መዳፌን እዘረጋለሁ። ለአብራም የተነገረውን ዛሬ ለተሰየመ ካቢኔ ባደርገው እጄ ራሱ ያመኛል።

ሌላም አለ። በጸሎተ ሃይማኖት ስሙ የሚጠራ ገዥ አንድ ብቻ ነው፤ ጲላጦስ። የተጠራውም ለምስጋና አይደለም።

አራት መንግሥት አይቻለሁ። አራቱም ደግፉን ብለዋል። አንዱንም ለመደገፍ አልተጠመቅኩም። የራሴን አገር መንግሥት በሃይማኖት ካልደገፍኩ የሌላውን በምን ሒሳብ?

ዛሬ ቤ/ክ ቅጥር ውስጥ ሁለት የማኅበር እኅቶች ሲያዩኝ ነጠላቸውን አስተካክለው ዞሩ።

ጥቅምት 28፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

ዘይነባ ሱቅ ዋልኩ። ሰለመች የተባልኩበት ሱቅ። ነጠላና ቀሚስ ትሸጣለች፤ የማኅበራችን ሴቶች ለጽዮን የሚለብሱት ከእሷ ነው። የመስጊድ ልጅ ናት፤ ግን የጥለቱን ዓይነት ከዲያቆን ይልቅ ታውቃለች። እናቷ ስትሞት ሦስት ቀን አብሬያት ተቀምጫለሁ። ባለቤቴ ሲሞት ድንኳን ውስጥ ውኃ ስታቀርብ የነበረች እሷ ናት።

ገና ሳልቀመጥ ጀመረችኝ። «እትዬ፣ ሰለሙ አሉ! ያውም ሳይነግሩኝ! ያ ጉልበትዎ ለስግደት አልታጠፍ ያለው ለሰላት ሊታጠፍልዎ ነው?» ሳቅሁ። ስንት ቀኔ ነው ከሳቅሁ።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ለጽዮን ነጠላ ያዘዙ አምስት ሴቶች ትተነዋል ብለው ልከዋል። የሺም አንዷ ናት። ማታ ማታ ከሱቋ ፊት ለፊት ሰው እየቆመ ይሄዳል። ማን እንደሆነ ብጠይቃት ጨርቅ ማጠፍ ቀጠለች።

ኅዳር 3

ሙሉቀን መጣ። ሁለተኛ ክፍል ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። አሁንም ቲቸር ይለኛል። እንዲቀመጥ ነገርኩት፤ ቆሞ ቀረ።

ቂል አይደለም፣ ደብተሬ። ቂል ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ከቡሬ ሲመለስ ከመኪና ወርዶ ከታገተ አራት ወሩ ነው። እሱንም አስተምሬዋለሁ፤ ግራኝ ነበር። ድምፁ ጠፍቷል። የሺ ማታ ማታ በር ላይ ትቀመጣለች። ሙሉቀን ስልኩ ላይ የሚሰማው ሰባኪ ያን መንግሥት የባረከ አገር መከራው ይነሣለታል ብሎታል። መንገዱ የተዘጋ፣ ት/ቤቱ የተዘጋ፣ ሰው የታገተ ስላልባረክን ነው ይላል። ወንድሙን ከዚያ መስመር ጋር አስሮታል።

እንዲህ አልኩት። እዚያ እስራኤል የታገቱት ሲነገር አልቅሻለሁ፤ እገታ ምን እንደሆነ ለጎጃም ሰው አይነገርም። ፍርስራሽ ሥር የቀሩት ልጆች ሲነገርም አልቅሻለሁ። ስለ ኢየሩሳሌም ሰላም በየቀኑ እጸልያለሁ፤ ለሁሉም። የትኛውን እንባዬን ልመልስ?

«እንባ መቼ ጠየቅንዎት፣ ቲቸር? አንድ መስመር ነው ያልንዎት። ቢጽፉት ምን ይጎዳዎታል?»

ልሸነፍ ነበር። እውነቱን ልጻፍ፤ እጄ ወደ ብዕሩ ሄዷል። የግራኙ ልጅ ትዝ ብሎኝ። ከዚያ መስመሩን በልቤ አነበብኩት። የሚያደርገውን ሁሉ ይላል። ሁሉ! ለእግዚአብሔር ካልሆነ ለማን ይባላል? አልጽፍም አልኩት። አንተ ግን ለወንድምህ ጸሎት እናድርግ በል፤ እሱን ሁለት ገጽ እጽፍልሃለሁ።

በሩ ላይ ዞሮ፣ ረጋ ብሎ፣ ጽዮን ዕለት ሌላ ጸሐፊ እናገኛለን አለኝ። ጽዋውም ሌላ ቤት ያገኛል። ሠላሳ ዓመት የያዝኩት ማኅበር፤ ስሞት የሚቀብሩኝ እነሱ ናቸው።

ኅዳር 8

የነፍስ አባቴ መምሬ ዘንድ ሄድኩ። ጥያቄዬ ቀጥታ ነበር፤ ይህ የሃይማኖት ነገር ነው ወይ? «አይደለም፣ ወለተ ማርያም» አሉኝ፤ በጣም ቀስ ብለው። እንግዲያውስ ጽዮን ዕለት ቤቴ ሲመጡ ይህንኑ ለማኅበሩ ይናገሩልኝ አልኳቸው።

ስለ በሬያቸው ማውራት ጀመሩ። ከመንጋው ተለይቶ መዋል አብዝቷል፣ ጅብ እፈራለታለሁ፣ ቢመለስ ይሻለው ነበር አሉ። ረጅም ጊዜ ስለ በሬው። መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ። መምሬ በሬ የላቸውም።

ኅዳር 9፤ ንጋት

ጣራዬ ላይ ድንጋይ። አንድ። ቆርቆሮው ሲያስተጋባ ከአልጋ ወረድኩ። ከዚያ ዝም። ውሾቹ እንኳ አልጮኹም፤ የሚያውቁት ሰው ነው።

የውጭውን በር በመወርወሪያ ዘጋሁ። ከዛሬ ጀምሮ ቀንም ዝግ ነው።

ኅዳር 12፤ ማታ 12 ሰዓት

ሚካኤል። ኅዳር የሚታጠንበት ቀን። እንደ ወትሮው ሁሉም ቤት ጥራጊውን ከደጁ ከምሮ አቃጠለ፤ በሽታው ይውጣ ብሎ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከተማው በጢስ ተሸፈነ። ሰው ከሰው አይተያይም፤ ሳል ብቻ ይሰማል። ልጅ ሳለሁ እወደው ነበር።

ዘይነባ ደጅ ላይም ጥራጊ ተከመረ። እሷ አልከመረችውም። ሱቋ በር ላይ ተደግፎ፣ ትልቅ፣ እንጨት ያለበት። ዛሬ እሳት አይቶ የሚጮህ የለም፤ የሁሉም ደጅ እሳት ነውና። መዝጊያው እስኪያያዝ ማንም ልብ አላለም። ልጇ ናት ከጓሮ የሰማችው። ውኃ ተደፋ፤ አፈር ተደፋ። እኔም በጀሪካን አመላለስኩ። ሰው አልሞተም። በሩ ተቃጠለ፤ ነጠላው ሁሉ በጢስ ጠቆረ።

ዙሪያችንን ብዙ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። አንዲት ሴት የዓመቱ ጢስ ነው፣ ሳያስቡት ነው አለች።

ኅዳር 13

ጧት አመዱን በዱላዬ ፈተሽኩ። ልማዴ ነው፤ ክፍል ውስጥም መስኮት ሲሰበር ድንጋዩን ፈልጌ ሳላገኝ ማንንም አልቀጣም ነበር።

አገኘሁ። ክንድ ተኩል የምትሆን፣ ግማሽዋ የከሰለ ጣውላ። ጫፏ ላይ በቀይ ቀለም 7 የሚል ቁጥር። ቁጥሩ በእኔ እጅ የተጻፈ ነው። የማኅበሩን አሥራ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች እኔ ነኝ ቁጥር የሰጠኋቸው፤ እንደ ት/ቤት። ካለፈው ወር ጀምሮ ወንበሮቹ ያሉት የሺ ቤት ነው።

ጣውላዋን በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤ ገባሁ። አልጋዬ ሥር ናት። ለማንም አልተናገርኩም። ለአንቺ ብቻ።

ኅዳር 16

ጾመ ነቢያት ገባ። መንገዱ ሁለት ቀን ተዘግቶ ዛሬ ተከፈተ፤ ዘይነባ ልጇን ቡሬ አክስቷ ዘንድ ላከች። እሷም ዕቃ እያሰረች ነው። ከጽዮን በኋላ እሄዳለሁ አለችኝ። ለምን ከጽዮን በኋላ አልኳት። «ቤትዎ ማንም ካልመጣ ማን ይበላልዎታል ያን ሁሉ ሽሮ?» ብላ ልትስቅ ሞከረች። አልሆነላትም።

ማን እንዳደረገው ታውቂያለሽ ወይ ስላት፣ እትዬ፣ ባውቅ እዚህ መኖር አልችልም፤ ስለዚህ አላውቅም አለችኝ።

ኅዳር 18

ወንበሮቹ መጡ። ጋሪው ሲራገፍ ደጅ ቆሜ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ። ሰባት ቁጥር የለም።

የሺ ከጋሪው ጋር መጥታለች። ሰባትስ አልኳት። ምስጥ በላው አለች። የሺን ከልጅነቷ አውቃታለሁ፤ ስትዋሽ የግራ ጆሮዋን ትይዛለች። ያዘች። ምስጥ አልኩ። ምስጥ አለች። ሁለታችንም ጋሪውን አየን። ከዚያ እጄን ያዘችና ስለ ማርያም፣ አንዱ ልጄ ጠፍቷል፣ ሁለተኛውን አትውሰጂብኝ አለችኝ። ማን እንደነገራት አላውቅም። አመዱን ስፈትሽ አይተውኛል ማለት ነው።

ጉንጯን ሳምኳት። ምንም ቃል አልገባሁላትም።

ኅዳር 19

ከቤ/ክ ስመለስ ሙሉቀን መንገድ ላይ ጠበቀኝ። ከስቷል። ፊቴን ሳያይ፣ ቲቸር፣ እሳቱን እኔ አልለኮስኩም አለኝ። ሰባኪውን አብረውኝ የሚሰሙት ልጆች ሲጠይቁኝ እንጨቱን ብቻ ነው ያቀበልኩ።

ምን እንደሚያደርጉበት ጠይቀሃል? አልኩት።

አልጠየቅኩም አለ።

ለምን እንደፈለጉት ሳትጠይቅ አቀበልክ። እኔንም በዚያ መስመር ላይ ያልከኝ ይህንኑ ነው አልኩት። ሊሄድ ሲል ጽዮን ዕለት በርዎን ባይከፍቱ ይሻላል አለኝ። ልጆቹ ሊመጡ ይችላሉ። አስፈራራኝ ወይስ አስጠነቀቀኝ? ድምፁ የሁለተኛ ክፍሉ ልጅ ድምፅ ነበር።

ኅዳር 20፤ ማታ 1 ሰዓት

ሽሮው ደርሷል። ጠላው ጠርቷል። አግዳሚዎቹ በተራ ተደርድረዋል፤ በስድስትና በስምንት መካከል ክፍት ቦታ አለ። ኔትወርክ የለም። ማን እንደሚመጣ አላውቅም። አምስት ሰው ይመጣ ይሆናል። ድንጋይ ይመጣ ይሆናል።

ስለ ሙሉቀን ሳስብ ዋልኩ። ስሙን ብጽፍ የሺ ሁለት ልጅ ታጣለች። ባልጽፍ ዘይነባ ትሄዳለች፤ ነገ ደግሞ ሌላ ደጅ ይታጠናል። እንግዲህ ወስኛለሁ። ስሙን እኔ አልጽፍም፤ ብዕሩን ለራሱ እሰጠዋለሁ። ፊደል ያስቆጠርኩት ለዚህ ነው። በባዶው መስመር ላይ ኅዳር 12 ያደረገውን በገዛ እጁ ይጻፍ። እምቢ ካለ እኔ እጽፋለሁ፤ ጽዋውንም መዝገቡንም አስረክቤ ከማኅበሩ እወጣለሁ። የሚቀብረኝ አይጠፋም። ቢጠፋም መሬት አለ።

ነገ፦

ከኪዳን በፊት መነሣት።

ሰባት ቁጥርን ከአልጋ ሥር አውጥቼ በቦታዋ ማኖር። ከሰሉን አለመጥረግ።

ዘይነባ ዘንድ ሄጄ ከጠቆሩት ነጠላዎች አንዱን መውሰድ፤ እሱን ለብሼ ማስቀደስ። ጢሱ ይሽተት።

እሷን ማምጣት። ከጎኔ ትቀመጥ፤ ሽሮዬን ትብላ።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ገና ጨለማው ሳይለቅ፣ መወርወሪያውን ማንሣት። ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጎ መክፈት።