በቀዝቃዛው ጅረት አፍ የዘረጋሁት መረብ

ለወንድም ዓለሜ ክሊፎርድ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? የመርከብ ማራገፉ ሥራ እንዴት ይዞሃል? የቫንኩቨር ዝናብስ? እማማ፣ «ይሄኔ እኮ እርጥብ ካልሲውን እንዳደረገ ነው የሚተኛው» እያለች ታማሃለች። እኛ በአካል ደህና ነን። የቀረውን ልንገርህና አንተ ፍረድብኝ።

ለአባባ መቃብር ድንጋይ የምናቆም ዕለት ለሚደረገው ግብዣ ማድረቂያ ቤቱን በሳልሞን ዓሣ እንድሞላው አደራ ብለኸኝ ነበር። ዘንድሮ ግን ሐምሌን ሙሉ ጠብታ ዝናብ አልጣለም። አባባ ይሠራው የነበረውን የውኃ ልኬት አሁን እኔ ስለያዝኩት፣ ጠዋት ጠዋት ቴርሞሜትሩን በገመድ ወደ ዩኮን ወንዝ አወርዳለሁ። አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ እያለ ሃያ አንድ ዲግሪ ገባ። አጎታችን ሲልቬስተር፣ «አንቺ ነርስ፣ በሽተኛሽ ዛሬስ ተሻለው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ዓሦቹ መጡ፤ መጥተው ግን ቆሙ። ወንዙ ቢሞቅባቸው እንቁላል ለመጣል ሽቅብ መውጣቱን ትተው፣ የበረዶ ውኃ የሚያወርደው ጅረት ከወንዙ በሚገናኝበት ቦታ ተጠጋግተው ተኙ። እዚያ አሥር ዲግሪ ነው። ጀርባቸው ይታያል፤ በባልዲ ይቀዳሉ። አባባ እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው ሲያይ እንዴት ይቆጣ እንደነበር ታስታውሳለህ። እማማም፣ «ትንፋሽ እየሰበሰቡ ነው፤ ተያቸው። ውኃው ሲበርድ ራሳቸው ይመጡልናል» አለችኝ። የግብዣው ቀን ግን ደርሶ ማድረቂያ ቤቱ ባዶውን ነበር። አባባን በሰው ፊት እንዳላሳፍረው ብዬ፣ እሱው በጠገነው መረብ የጅረቱን አፍ ዘጋሁት።

ሰባት ያዝኩ። የቀሩት ደንግጠው ወደ ሞቀው ውኃ ተበተኑ። በሦስተኛው ቀን ዳርቻውን ሞልተው፣ ቁስል ሳይኖርባቸው፣ ሞተው አገኘናቸው። እማማ ቢላዋዋን አውጥታ ሆዳቸውን አንድ በአንድ ከፈተች። እንቁላላቸው እንዳለ ነው፤ አንዷም አልጣለችም። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «አባትሽ ይህን አለማየቱ ደግ» ብቻ ብላ እጇን ታጠበች።

ክሊፎርድ፣ አይቷል። ከዚያ ወዲህ ቴርሞሜትሩን ሳወርድ ከኋላዬ ሰው ይቆማል። የጎማ ቦቲው ጠጠሩን ሲረግጥ እሰማለሁ። ገመዱን እስክስብ ይጠብቀኛል። እንደ ድሮው «ስንት አለ?» እንዲለኝ ጆሮዬን እጥላለሁ፤ አይጠይቅም። ዞሬ ለማየት ፈርቻለሁ።

ሲልቬስተር ነርስ ማለቱን ትቷል። የመቃብሩ ድንጋይ ሳይቆም፣ በሸራ እንደተጠቀለለ በረንዳው ላይ ተጋድሟል። ሰባቱንም ዓሦች እማማ ለግብዣ አይሆኑም አለች። አጥንታቸውን እንደ ወጋችን ወደ ወንዙ እንዳንመልስ መጀመሪያ የሚበላቸው ይፈለጋል፤ የሚቀምሳቸው ጠፋ። እባክህ ናና አብረን እንብላቸው፤ አብረንም እንመልስ። ብቻዬን አልችልም።

ዛሬ ጠዋት ውኃው አሥራ ሁለት ዲግሪ ነው። እማማ እንዳለችው በረደ። እስከ ቀትር ዳርቻው ላይ ተቀምጬ ቆየሁ፤ አንድም ዓሣ አላለፈም።

እማማ ሁለቱንም ጉንጭህን ስማሃለች። ሲልቬስተር፣ «ያ ሰነፍ ጀልባው እስኪበሰብስ ነው የሚጠብቀው?» ብሎሃል፤ ሰላምታው መሆኑ ነው። ውሻህም መኪና በሰማች ቁጥር ወደ በሩ ትሮጣለች። ከኋላዬ የሚቆመው ግን ይኸው እስካሁን ምንም አላለም።

እህትህ ሄስተር
ከዓሣ ሰፈራችን፣ ዩኮን ዳር
ነሐሴ ፳፪ ቀን